ከሠርጉ በፊት ጥምቀቱ፣ ከጥምቀቱ በፊት አባትህ

ጥያቄ፦

የ31 ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ሐዋሳ ሲሆን አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ወላጆቼ የሙሉ ወንጌል አማኞች ናቸው፤ አባቴ በአጥቢያቸው ሽማግሌ ሆነው ለብዙ ዘመን አገልግለዋል። በእኛ ቤት ሕፃን አይጠመቅም፤ አድጎ፣ አምኖ፣ ራሱ ሲጠይቅ ነው። እኔ በ16 ዓመቴ የጥምቀት ትምህርት ጀምሬ አቋረጥሁት። አባቴ ቢለምኑኝም እምቢ አልሁ። ከዚያ ወዲህ የትም አልተጠመቅሁም።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንዲት ኦርቶዶክሳዊት ልጅ ጋር ተዋወቅሁ። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው እሷን ለመሸኘት ነበር፤ አሁን እሷ ሥራ በምትገባበት እሑድም ብቻዬን እሄዳለሁ። ዲያቆኑ «ፃኡ ንኡሰ ክርስቲያን»፣ ገና ያልተጠመቃችሁ ውጡ፣ ሲል እኔ ወጥቼ ዛፍ ሥር እቆማለሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ውስጥ መቆየቱ ግን ውሸት ይመስለኛል። ትምህርቱን ጨርሻለሁ። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ነው፤ ጥምቀቱ ከዚያ በፊት ካልተፈጸመ ተክሊሉ አይሆንም። የእጮኛዬ አባት «ክርስትና የማነሣህ እኔ ነኝ» ብለውኛል። የዘመዶቿ ደስታም ልክ የለውም፤ አንዲት ነፍስ ማረክን ይላሉ።

አባቴ ስለ ጥምቀቱ ምንም አያውቁም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከእሷ ጋር ቅዳሴ መሄዴን ሰምተው «ለሴት ብለህ እምነትህን ብትለውጥ ልጄ አይደለህም» ብለዋል። እሳቸው ራሳቸው እኮ ከኦርቶዶክስ ቤት የወጡ ናቸው! በ1975 ዓ.ም. የ19 ዓመት ልጅ ሳሉ ሌሊት ወንዝ ውስጥ ተጠመቁ። አያቴ ይህን ከጎረቤት ሰምተው፣ ልጃቸው እንደሞተ ሁሉ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጡ ይባላል። አባቴ የእናታቸውን ደጅ እንደገና የረገጡት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ ከተጠመቅሁ በኋላ ብነግራቸው አይሻልም? ካለቀ ምን ያደርጋሉ? የምታውቀው እኅቴ ብቻ ናት፤ እሷ ትንገራቸው ብዬም አስቤያለሁ።

መልስ፦

ወንድሜ፣ አይሻልም። ሳትጠመቅ ንገራቸው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ ብትረሳ ይህችን ብቻ ያዝልኝ። ካለቀ በኋላ ብትነግራቸው አባትህ በልጃቸው ሕይወት ውስጥ ካሉት ትልልቅ ቀኖች በአንዱ ወሬ ሰሚ ሆነው ይቀራሉ። አያትህን ለሦስት ቀን ለቅሶ ያስቀመጣቸው የልጃቸው መጠመቅ ብቻ አይመስለኝም፤ ከጎረቤት መስማታቸውም ነው። ይህን በገዛ እጅህ ጽፈኸዋል፤ ግን ሳትቆምበት አልፈኸው ሄደሃል።

ወደ አባትህ ከመሄድህ በፊት ግን ለራስህ የምትመልሰው ጥያቄ አለ። እሳቸው «ለሴት ብለህ ነው?» ማለታቸው አይቀርም፤ ስለዚህ አንተ ቀድመህ ጠይቀው። ደብዳቤህን ደጋግሜ ሳነበው ሁለት ሰዎች ተቀባብለው የጻፉት መሰለኝ። አንደኛው ስለ ሠርጉ ቀን፣ ስለ ተክሊሉና ስለ አማቾቹ ደስታ ይጽፋል። ሁለተኛው ዲያቆኑ ሲጣራ ማንም ሳያዘው ወጥቶ ዛፍ ሥር ይቆማል። ያ ጥሪ በቅዳሴያችን ውስጥ የቀረው፣ ገና ያልተጠመቁና በትምህርት ላይ ያሉ ጎልማሶች ብዙ ከነበሩበት ከጥንቱ ዘመን ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ምእመን አብዛኛው ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን የተጠመቁ ስለሆኑ ዲያቆኑ እየተጣራ የሚወጣለት ሰው አያገኝም። አንተ ግን እኔን ነው የጠራኝ ብለህ ወጣህ። ስለ እጮኛህ ከጻፍኸው ሁሉ ይልቅ እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። እንዲጠመቅ የምመኘውም ዛፍ ሥር የሚቆመው ሰው ነው።

በፍቅር በኩል መምጣትህ አያሳፍርህ። ስንቱ ሰው ነው እምነቱን በእናቱ፣ በጓደኛው፣ በሚስቱ በኩል ያገኘው! የሚያሳስበኝ የጊዜው መጣበብ ነው። እጮኛህን ቁጭ አድርገህ «ጥምቀቱ ቢዘገይ፣ ሠርጉም አብሮ ቢዘገይ ትጠብቂኛለሽ?» ብለህ ጠይቃት። ቅር ቢላት አትፍረድባት፤ የምትመልስልህ ግን ብዙ ነገር ያሳይሃል። ቀጥለህ ደግሞ ሠርጉ ጨርሶ ባይኖር ትጠመቅ እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። ለዚህ ፈጥነህ አዎ ማለት ካልቻልህ ቀኑን ግፋው። ለአዳራሹ የተከፈለው ቀብድ ቢቃጠል ይቃጠል። የሠርግ ቀን የገፉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ጥምቀት ግን የሚደገም ነገር አይደለም። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚያን ቀን ምን እንደምትባል አስተማሪህ ነግረውህ ይሆናል። ሕፃን ሲጠመቅ ክርስትና የሚያነሣው ሰው ስለ እሱ ይመልስለታል፤ ጎልማሳ ግን የሚመልስለት የለም። ፊትህን ወደ ምዕራብ አዙረህ ሰይጣንን እንደካድህ፣ ወደ ምሥራቅ ተመልሰህ ደግሞ እንዳመንህ በገዛ አፍህ ትናገራለህ። ከዚያ በሥላሴ ስም ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ትገባለህ፣ ሜሮን ትቀባለህ፣ ማተብ ታስራለህ፣ ሥጋ ወደሙን ትቀበላለህ። ይህ ሁሉ የሱፍ ልብስ በምትለካበትና ከምግብ አዘጋጆች ጋር በምትከራከርበት ሳምንት ውስጥ ተሰንጎ እንዳይገባ አደራ። ለራስህ ብቻ የሚሆን ቀን ይገባሃል፤ ከዚያ በኋላም ለመጾሙ፣ ለንስሐው፣ አዲሱን ሕይወት ለመልመዱ ጥቂት ሳምንታት ይኑሩህ።

አሁን አንድ አስቸኳይ ነገር ልንገርህ። የእጮኛህ አባት ክርስትና ላንሣህ ያሉትን አትቀበል። በፍቅር እንዳሉት አልጠራጠርም፤ የሚያስከትለውን ግን ያሰቡበት አይመስለኝም። ክርስትና ማንሣት ዝምድና ይፈጥራል። የክርስትና አባትህ ልጅ ለአንተ እኅትህ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን የሕግ መጽሐፍ የሆነው ፍትሐ ነገሥትም በሥጋ ዝምድና እንደሚከለክል ሁሉ በክርስትና ዝምድናም ጋብቻን ይከለክላል። ለተክሊሉ ይረዳል ተብሎ የታሰበው ነገር ተክሊሉን የሚያስቀር ሊሆን ነው! ካህናቱ ሳይደርሱበት ይቀራሉ ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን በዋዜማው ከሚደረስበት ዛሬውኑ የንስሐ አባታቸውን ጠይቁ።

ክርስትና አባትነት በአገራችን ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ፣ ክርስትና ያነሧቸው አፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው የተጠመቀው በትእዛዝ ነው፤ በንጉሡና በመኳንንቱ መካከል ያለውን ታማኝነት ለማጥበቂያም ክርስትና አባትነት አገልግሏል። የአንተ ጥምቀት የሁለት ቤተሰብ ውል ማሰሪያ እንዳይሆን ተጠንቀቅ። አባትህንም አስባቸው። በ16 ዓመትህ የለመኑህን ነገር ልጃቸው ለሌላ አባት፣ ያውም ለሙሽራዋ አባት ሰጠ ብለው ቢያዝኑ ማን ይፈርድባቸዋል? ይልቅ በትምህርቱ ያገዘህን ወይም በቅዳሴ የምታውቀውን፣ ነገ ብትደክም የሚያበረታህን ሰው ፈልግ። አማትህን በትሕትና አመስግናቸውና ምክንያቱን ንገራቸው፤ ደንግጠው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቀየሙህም።

ወደ አባትህ ልመለስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ያለውን ጃንደረባ አንተም አባትህም ከልብ ትወዱታላችሁ ብዬ እገምታለሁ፤ በሁለቱም ቤት የሚወደድ ታሪክ ነው። ጃንደረባው ግን ያኔ በጋዛ መንገድ ላይ፣ ከዘመድ አዝማድ ርቆ ነበር። ደስ ብሎት መንገዱን እንደቀጠለ ተጽፏል፤ ቤቱ ሲደርስ እናት አባቱ ምን እንዳሉት ግን አልተጻፈም። አንተን ያስጨነቀህ ይህ ያልተጻፈው ነው።

አባትህ የተጠመቁበትን ዘመን አስታውስ። ደርግ የሙሉ ወንጌልን ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ፣ አማኞች በየቤቱ ተደብቀው የሚጸልዩበት፣ መታሰር የሚያጋጥምበት ጊዜ ነበር። ውኃው ውስጥ በሌሊት የተገባው ለዚህ ነው። የ19 ዓመት ልጅ እናቱንም እስር ቤቱንም እያሰበ እዚያ ወንዝ ውስጥ ቆመ። ስለዚህ አንተ ጥምቀት ስትል እሳቸው ያንን ሌሊት ያስባሉ። በ16 ዓመትህ እምቢ ስትላቸውም ያን ያህል የከፈሉበትን ነገር ልጃቸው እንደ ቀላል የተወው መስሏቸው ይሆናል። አሁን ደግሞ ልጃቸው ሊጠመቅ ነው፤ ግን እሳቸው ትተውት በወጡት ቤት። «ለሴት ብለህ» የሚለው ንግግር ከዚህ ሐዘን የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ልጄ እኔን አይቶ ሳይሆን እኔን ንቆ ሄደ ከማለት፣ ሴት ወሰደችብኝ ማለት ይቀልላል።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውል። በሕፃንነትህ ያላስጠመቁህ አንድ ቀን ራስህ አምነህ እንድትወስን ፈልገው ነው። ይህን የተማርኸው ከእሳቸው ነው። ውሳኔህ ወዳልጠበቁት ደጅ አመራ እንጂ፣ ጎልማሳ ሰው ለእምነቱ ራሱ መልስ መስጠት አለበት የሚለው ትምህርት የአባትህ ትምህርት ነው። ስለዚህ ስትሄድ እንደ ከዳተኛ አንገትህን ደፍተህ አትሂድ። ፈቃድ ለመጠየቅም አትሂድ፤ የማይሰጡህን ፈቃድ ጠይቀህ፣ ሲከለክሉህ አሻፈረኝ ከማለት መጀመሪያውኑ ለማሳወቅ እንደመጣህ መናገር ይሻላል።

ሐዋሳ ብቻህን ሂድ። በስልክ አይሆንም፤ እጮኛህም በዚህ ጉዞ አትኑር። እሑድ አገልግሎት ላይ ስለሚሆኑና ሰው ስለሚበዛባቸው ከሥራ ቀናት በአንዱ ማታ ይሁን። እራት ተበልቶ ቡናው ሲፈላ፣ መጀመሪያ የአንተን አትንገራቸው፤ የእሳቸውን ጠይቅ። «አባባ፣ የተጠመቁ ሌሊት እንዴት ነበር? ማን አብሮዎት ነበር? ውኃው ውስጥ ሲገቡ ምን አሰቡ? አያቴ ሲሰሙ ምን አሉ? ያኔ እንዴት ቢነገራቸው ይሻል ነበር ይላሉ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትዘላት። ሲያወሩ አታቋርጣቸው። ከጎረቤትና ከዘመድ ስለደረሰባቸው ስድብና መገለል ሊያነሡ ይችላሉ፤ ብዙ የወንጌላውያን አባቶች ያ ቁስል አላቸው፤ ቁስሉንም ያደረሱት አንተ ልትገባበት ያለኸው ቤት ልጆች ናቸው። ስማቸው እንጂ ጠበቃ አትሁን። ያ ዘመን ግን በሁለቱም ቤት ሐዘን ጥሎ እንዳለፈ አንተ በልብህ ያዘው። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም፣ የኦርቶዶክሱ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በደርግ የተገደሉት በዚያው በ1971 ዓ.ም. ነው።

«እንግዲህ እርስዎም በእናትዎ ላይ እንዲህ አድርገዋል» የምትለዋን ቃል ግን ከአፍህ እንዳታወጣት። እውነት ናት፤ አንተ ስትናገራት ግን ዱላ ትሆናለች። ሰውየው ራሳቸው ካሰቧት ትበቃለች፤ ካላሰቧትም ከአንተ ባይሰሟት ይሻላል።

ከዚያ እንዲህ ብትላቸው እወዳለሁ፦ «አባባ፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ልጠመቅ ነው። ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ ብዬ ራሴ መጣሁ። በእሷ በኩል መምጣቴን አልደብቅም፤ የምጠመቀው ግን ስላመንሁ ነው። መጸለይን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ይህን አልረሳም።» የመጨረሻው እውነት ካልሆነ ተወው፤ ለማባበያ እንዳትናገረው። እውነት ከሆነ ግን አባትህ ከምትላቸው ሁሉ የሚያስታውሱት እሱን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ሊሆን ይችላል። ስለ እመቤታችን ምልጃ፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ታቦት ጥቅስ ይመዘዛል፤ ሽማግሌ ናቸውና ጥቅሱን ከአንተ በላይ ያውቁታል። አትግጠማቸው። «አባባ፣ ዛሬ ልከራከርዎት አልመጣሁም» በልና ዝም በል። አሁን ገና እውነቱን አገኘሁ አትበል፤ ያለፈውን ዘመናቸውን በሙሉ ውሸት ብለሃቸዋል ማለት ነው። ስማቸውን ተሸክመህ እንደምትኖር፣ እሳቸው ያወጡልህ ስምም መጠሪያህ ሆኖ እንደሚቀጥል ንገራቸው። የክርስትና ስምህ ለጸሎትና ለቁርባን ነው፤ ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁ ስሙንም ያስለወጡት ይመስለዋል።

«ልጄ አይደለህም» የሚለው ቃል በዚያች ማታ ሊደገም ይችላል። ቢደገም መልስ አትስጥ። ከቤት ውጣ ካላሉህ እዚያው እደር፣ ጠዋትም ቁርስ አብረህ ብላ። ውጣ ካሉህ ውጣ፤ ግን በሳምንቱ ደውል፣ በበዓል ሂድ፣ ሲታመሙ ቀድመህ ድረስ። አባትህ ስድስት ዓመት ከእናታቸው ደጅ መቅረታቸው ከጥምቀቱ የባሰ ጉዳት እንደነበር እሳቸው ከማንም በላይ ያውቁታል። በአንተ በኩል ያ እንዳይደገም ማድረግ ትችላለህ፤ በእሳቸው በኩል የሚሆነውን ግን ለእሳቸው ተውላቸው።

ስለ እናትህ በደብዳቤህ አንድ ቃል አልጻፍህም። እናቶች እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ ቀድመው ያውቃሉ። ለእሳቸው የሚከብደው ሌላ ይመስለኛል፤ ረቡዕና ዓርብ ከቤታቸው መጥተህ የሠሩልህን ዶሮ ወጥ አልበላም ስትል። ስለዚህ አስቀድመህ ጓዳ ገብተህ ንገራቸው፤ የሚሠሩትን ሽሮ ወይም ምስር እንደምትናፍቅም ንገራቸው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ የሃይማኖት ልዩነት በአንድ ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሰማው ግን በገበታ ላይ ነው።

የእጮኛህ ዘመዶች ደስታቸውን እንዲይዙት ንገራቸው። አንዲት ነፍስ ማረክን የሚለው ወሬ ሐዋሳ የደረሰ ዕለት አባትህ የተማረከ ልጅ አባት ይሆናሉ፤ ለማን ድል ሲባል? ጥምቀቱ ላይ ካሜራ አይኑር። ማተብ ሲታሰርልህ የሚያሳይ ቪዲዮ በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የአባትህ አጥቢያ ምእመናን ከሳቸው ቀድመው ሊያዩት ይችላሉ፤ ሽማግሌ ናቸውና በዚያ እሑድ ምን ይዘው መድረክ ላይ ይቆማሉ? እጮኛህ ይህን ነገር ካንተ ይልቅ ለዘመዶቿ በደንብ ማስረዳት ትችላለች፤ ይህን ሥራ ለእሷ ስጣት። ወላጆችህን ለጥምቀቱ ዕለት ጥራቸው፣ ግን አትጎትጉታቸው። ቀኑንና ሰዓቱን ነግረህ ተወው። ለሠርጉ ግን አጥብቀህ ለምናቸው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እኅትህን ደግሞ መልእክተኛ አታድርጋት። ምሥጢርህን እስካሁን መያዟ በራሱ ከብዷታል፤ አባትህ ወሬውን ከእሷ ቢሰሙ «አንቺም ታውቂ ነበር?» ብለው የሚቆጡት እሷን ነው። ወደ ሐዋሳ ስትነሣ ደውልላትና ያንን ማታ ቤት እንድትሆን ጠይቃት፤ እናታችሁ ሲያለቅሱ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል።